የኢየሱሳውያን ኮሌጅና የአባቶች ሥጋት

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት እንደራሴ መኖሪያ ስላለበት ሰው ሁሉ «ቫቲካን» ብሎ በሚጠራው ሰፈር፣ ከአንድ የረጅም ዘመን ወዳጃችን ቤት ለቡና ተጠርተን ሄደን ነበር። እንደ ልማዱ ቤቱ በጨዋታ የተሞላ ይሆናል ብለን ብንገባ፣ ወዳጃችን ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መስኮቱ ዞረው ተቀምጠው፣ ባለቤታቸው ዓይናቸው በልቅሶ ቀልቶ፣ ልጁም ከበሩ አጠገብ ቆሞ አገኘናቸው። ነገሩ ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን በመልካም ውጤት አልፎ ሳለ፣ ሕክምናም ምሕንድስናም አልፈልግም፤ ፍልስፍናና ሥነ ጽሑፍ ልማር፤ ያውም ከካቶሊካውያን አባቶች ዘንድ ልማር ማለቱን ነገሩን።

«ከፍልስፍና እንጀራ ይወጣልን?» አሉ ወዳጃችን። «እንጀራውስ ይቅር። የሱስንዮስን ዘመን ታሪክ እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ ልጄን በገዛ እጄ ወስጄ ለእነዚያ መምህራን ላስረክብ? እርስዎ ከቄስ ተማሪ ቤትም ከሚሲዮን ተማሪ ቤትም የወጡ ሰው ነዎት። ሁለቱን ቤት ያውቁታልና ፍርዱን ይስጡን።»

እኛም መዝገቡ ሳይገለጥ ፍርድ አይጻፍምና፣ ፍርዱን ከመናገር ይልቅ መዝገቡን መግለጥ ይሻላል አልናቸው። የዚያን ቀን ለእርሳቸው የተናገርነውም ይህን ገጽ ለሚያነቡ ወላጆች ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን፣ ትንሽ አስፍተን ከዚህ በታች ጽፈነዋል።

አስቀድሞ ልጁ ልማር ያለው ትምህርት ምን እንደ ሆነ መመልከት ይገባል። በሮማውያን መንግሥት መጨረሻ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት «የነጻ ሰው ጥበባት» ብለው ሰባት ትምህርቶችን ይቈጥሩ ነበር። እነርሱም ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ የአመክንዮ ትምህርት፣ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ዜማና የከዋክብት ዕውቀት ናቸው። የነጻ ሰው መባላቸው፣ እጅን ለአንድ ሙያ ከማሠልጠናቸው ይልቅ በአደባባይ ቆሞ የሚናገረውን፣ የሚመክረውንና የሚፈርደውን ሰው ራሱን ስለሚሠሩት ነው። ይህ ነገር በቆሎ ተማሪነት ላደገ ሰው ጆሮ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። ሰዋስውን ከቅኔ ቤት ከግሡና ከአገባቡ ጋር እንማረዋለን። ዜማን ከድጓ ቤት እናገኘዋለን። ሒሳብንና የከዋክብትን ዕውቀት ደግሞ አበቅቴና መጥቅዕ የሚያወጣው፣ የጾምና የበዓል ቀን የሚቀምረው ባሕረ ሐሳብ ይዞታል። አንዱን ቃል «አንድም፣ አንድም» እያለ የሚፈታው የመጻሕፍት መምህርም የአመክንዮን ሥራ ይሠራል። ጂኦሜትሪውን ግን ላሊበላን ለፈለፈሉት አናጢዎች ትተንላቸዋል መሰለን፤ ከጉባኤ ቤት ሲነገር አልሰማንም።

የኢየሱስ ማኅበር የሚባለውን የመነኮሳት ማኅበር ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ መሥርቶት በ1533 ዓ.ም. ከሮማ ፈቃድ አገኘ። አባሎቹን በአገራችን ኢየሱሳውያን እንላቸዋለን። በ1540 ዓ.ም. በሲሲልያ ደሴት በመሲና ከተማ ተማሪ ቤት ከከፈቱ ወዲህ ማስተማር ዋነኛ ሥራቸው ሆነ፤ የትምህርታቸውንም ሥርዓት በ1591 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ ወሰኑት። ሥርዓቱ ከሰዋስው ይጀምርና ወደ ሥነ ጽሑፍ፣ ከዚያም ወደ ንግግር ጥበብ ወጥቶ በፍልስፍና ይፈጸማል። በካናዳ በኬቤክ ግዛት በነበሩት ኮሌጆቻቸው ይህ ትምህርት ስምንት ዓመት ይፈጅ ነበር። ዓመቶቹም በቍጥር ሳይሆን በስም ይጠሩ ነበር፤ አንዱ ዓመት «አገባብ»፣ አንዱ «ግጥም መግጠም»፣ አንዱ «የንግግር ጥበብ» ይባል ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ፍልስፍና ነበሩ። እኛ ይህን በሰማን ጊዜ፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዋዜማና በሥላሴ በኩል፣ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚወጣ የቅኔ ተማሪ ፊታችን ላይ ድቅን አለ። ስለዚህ ወዳጃችን «ልጄ እንግዳ ትምህርት መረጠ» ማለታቸው ልክ አይደለም። አያቶቻቸው ከጎንጅ ወይም ከዋሸራ ቅኔ ቤት ደጅ ጠንተው የሚሹትን ነገር ነው ልጁ የሚሻው።

የሱስንዮስ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ሥጋታቸውም ከንቱ ሥጋት አይደለም።

እኛ ራሳችን ልጅ ሳለን፣ ስሙን በማንጠራው በአንድ የሚሲዮን ተማሪ ቤት፣ በሁዳዴ ጾም በምሳ ሰዓት ወተት ቀረበልንና አንነካም ብለን ብንተው፣ መምህሩ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት ሳቀብን። ሌላ ያደረሰብን ነገር የለም፤ ሳቀብን ብቻ። ነገር ግን ከዚያ ቤት የተማርነውን ብዙ ነገር ረስተን ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ወላጅ «ልጄን ምን ያደርጉብኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ይህን የመሰለውንም መጠየቁ ስለ ሆነ፣ ሥጋቱን ማቃለል አይገባም።

በታሪካችን የተፈጸመውም ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። አባ ጴድሮ ፓኤዝ የተባለው የእስፓንያ ሰው፣ ኢየሱሳዊ መነኩሴ፣ በ1595 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። ግዕዝንና አማርኛን ተማረ፤ ልጆች ሰብስቦ አስተማረ፤ ከሊቃውንት ጋር በትሕትና ተከራከረ። በ1610 ዓ.ም. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ የዓባይን ምንጭ በግሽ አየ። በቤተ መንግሥት የተወደደ ሰው ስለ ነበረ፣ ንጉሡም በመጨረሻ ሃይማኖቱን ተቀበለ። ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1617 ዓ.ም. አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ ከፖርቱጋል መጣ። ይህኛው ሰው መከራከርን አልወደደም። ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ እንደ ሮማ ይሁኑ ብሎ አዘዘ። አገሩም ተነሣ፤ ላስታ ሸፈተ፤ በ1624 ዓ.ም. በተደረገው ውጊያ ብዙ ሺህ የገዛ አገሩ ሰው ወድቆ ንጉሡ አየ። ያን ጊዜ ሱስንዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት በዐዋጅ መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቈይ ሞተ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣቸው።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ ፓኤዝና ሜንዴዝ የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበሩ፤ ሃይማኖታቸውም አንድ ነበረ። አንደኛው ግን መምህር ነበረ፤ ሁለተኛው አዛዥ ነበረ። ለእኛ እንደሚታየን በወዳጃችን ቤት የተጣለው ጥያቄ የሚፈታው በዚህ ልዩነት ነው።

ከዚህ ታሪክ በኋላ ማንም የኢትዮጵያ ንጉሥ ኢየሱሳውያንን ይጠራል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። ዳሩ ግን ጠራቸው። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ከተመለሱ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ግድም፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን የሚመሩ መምህራን ከካናዳ ኢየሱሳውያን እንዲመጡላቸው ጠየቁ። ይህ ትምህርት ቤት በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. እርሳቸው አልጋ ወራሽ ሳሉ ያቆሙት ነው። ለመምህራኑ የተሰጣቸው ውል ጥብቅ ነበር። የምንኵስና ልብስ አይለብሱም፤ ሃይማኖታቸውን አይሰብኩም። እነርሱም እንደ ማንኛውም መምህር ሱሪና ኮት ለብሰው መጡ፤ አለቃቸውም ዶክተር ሉስየን ማት ነበሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሲያደርጉ በራሳቸው ልጅነት ያዩትን መከተላቸው ይመስለናል። አባታቸው ራስ መኰንን፣ የኦርቶዶክስ ሃይማኖት ሰው ሆነው ሳለ፣ በሐረር ሳሉ ልጃቸው ፈረንሳይኛ እንዲማር ከካቶሊኩ ጳጳስ ከአባ እንድርያስ ዛሮሶ ጋር ተማክረው ለአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን አስረክበውት ነበር። አባ ሳሙኤል ከካፑቺኖች ሚሲዮን የተማሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ በ1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ታንኳ ሰጥማ ሞቱ። ደቀ መዝሙራቸው ከዚያው አደጋ ተርፎ በሃይማኖቱ ጸንቶ ነገሠ። ወዳጃችን ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። የራስ መኰንን ሥራ ለመኳንንት ልጅ ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ማስረጃ ነውና።

ተፈሪ መኰንን ጥሩ ፍሬ ስላሳየ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እነዚሁ ሰዎች ከፍ ያለ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ አዘዙ። በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዶክተር ማትም ርእሱ ሆኑ። በ1946 ዓ.ም. ቻርተር ተሰጠውና ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ኮሌጁ የመንግሥት እንጂ የቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ የሮማ ስም በደጁ አልተጻፈም። የትምህርቱ አጥንት ግን ከኬቤክ የመጣው ያው የነጻ ሰው ጥበብ ነበር። ሳይንስ ለሚማረውም ቢሆን መጻፍና መናገር፣ ታሪክና ፍልስፍና አይቀሩለትም ነበር።

የካቶሊክ ማኅበር የራሱ አድርጎ የመሠረተውን ኮሌጅ ማወቅ የሚሻ አንባቢ ግን ወደ አሥመራ ይመልከት። በዚያ የኮምቦኒ ደናግል በ1951 ዓ.ም. ግድም «ቅድስት ቤተ ሰብ» የሚባል ኮሌጅ ከፍተው ነበር፤ ይኸው አድጎ በኋላ የአሥመራ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

ከአራት ኪሎው ኮሌጅ ምን ወጣ? ወላጆች የሚፈሩት ነገር ሁለት ነበር፤ ልጁ ሮማዊ እንዳይሆን፣ ልጁ ሥራ ፈት እንዳይሆን። በሃይማኖት በኩል ኮሌጁ ተማሪዎቹን ወደ ሮማ ወሰደ የሚል ክስ በታሪክ ጸንቶ አልቆመም። በሥራ በኩልም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተመራቂዎቹን እየተሻሙ ይወስዷቸው ነበር። ደግሞ ወላጆች ያላሰቡት ፍሬ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከዚያ ሳይንስ ጀምሮ ሳይፈጽም ትቶ ወደ ሥዕል ሄደ፤ ያን ጊዜ ዘመዶቹ ምን እንዳሉት መገመት አያስቸግርም፤ ዛሬ ግን የሥዕሎቹ ስም ከአገሩ አልፎ ይጠራል። ከፖላንድ የመጡት የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ ስታኒስላው ሆይናትስኪም ተማሪዎቹን ይዘው የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ። ወጣቶቹም የየአገራቸውን የሠርግና የልቅሶ ሥርዓት፣ የሕፃናት ጨዋታና የእርሻ ልማድ ሳይቀር ከሽማግሌ እየጠየቁ ጻፉ። ይህን ገጽ የምታነቡ እመቤቶች፣ የአያቶቻችሁ የሠርግ ሥርዓት ከመጥፋት የዳነው በከፊል በእነዚያ ልጆች ደብተር መሆኑን ልብ በሉ። ከዚሁ ሥራ ጋር የተያያዘው ቤተ መዘክር በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ ሊሠራ በቃ።

ሦስተኛው ፍሬ ግን መራራ ነበር፤ ለመኳንንት ቤትም ከሁሉ የከበደ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መንግሥት ሊገለብጡ በተነሡ ጊዜ፣ የዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ደገፏቸው። በዚያው ሰሞን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታሠሩት ብዙ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተገደሉ። ብዙ አባት ያን ቀን «ኢየሱሳውያን ልጄን አበላሹብኝ» ብሎ ይሆናል። እኛ ግን በዚህ ከእነርሱ ጋር አንስማማም። መምህራኑ ልጆቹን ለሰልፍ አላወጧቸውም። «ለምን?» ብሎ መጠየቅን ግን አስተማሯቸው፤ ይህንንም የተማረ ልጅ የመምህሩን ቃል ብቻ ጠይቆ የንጉሡን ቃል ሳይጠይቅ የሚተው አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱም ኮሌጁን አልዘጉትም። ደም የፈሰሰበትን ያንኑ ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡት፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. በዚያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ዶክተር ማትም ብዙ ሳይቈዩ ሥራውን ለቀው ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም በቦታው ተተኩ። ጥያቄው ግን አልቆመም፤ በ1966 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከካናዳውያኑ አንዱ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ እዚሁ ቀረ። አባ ክሎድ ሰምነር ይባላል። በ1945 ዓ.ም. ግድም መጥቶ ፍልስፍና ሲያስተምር፣ ከግሪክና ከላቲን ያመጣው ትምህርት በቂ ሆኖ አልታየውም። የኢትዮጵያ ሰው ስለ እግዚአብሔርና ስለ ሰው አስቦ የጻፈው የለምን ብሎ ፍለጋ ገባ። ከ1966 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በአምስት ቅጽ ባወጣው ሥራው መጽሐፈ ፈላስፋን፣ የስክንድስን ታሪክ፣ የዘርዐ ያዕቆብንና የደቀ መዝሙሩን የወልደ ሕይወትን ሐተታ መረመረ፤ ቈይቶም የኦሮሞን ምሳሌያዊ ንግግርና ተረት በሦስት ቅጽ ሰበሰበ። በ2004 ዓ.ም. ዐረፈ።

የዘርዐ ያዕቆብን ነገር ሰምነር ባሰበ ቍጥር ምን ይሰማው እንደ ነበር እንጃ። ሐተታው የሚናገረው በሱስንዮስ ዘመን ስለ ነበረ የአክሱም አገር ሊቅ ነው። ይህ ሊቅ የፈረንጆች ጠላት ነው ተብሎ ለንጉሡ ስለ ተከሰሰ፣ ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ። ከመሸሹ በፊት ሲያስተምር ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ ብሎ ሁለቱን ያስረዳ ነበር እንጂ ይህ ደግ ነው፣ ያ ክፉ ነው አይልም ነበር፤ በዚህም ሁለቱም ወገን ጠሉት። እንግዲህ ኢየሱሳውያን ካመጡት መከራ የሸሸውን ሰው መጽሐፍ፣ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቈይቶ፣ ኢየሱሳዊ መነኩሴ ተቀምጦ ለዓለም ገለጠው። በ1912 ዓ.ም. ግድም የኢጣልያው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ ሳይሆን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ካፑቺን ነው ብሎ ነበር፤ ይህ መነኩሴ የመጽሐፉን ቅጂ ለአንቷን ዳባዲ የላከው ነው። ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። ሰምነር ግን የሃይማኖት ወንድሙን ክብር ትቶ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊው ነው ብሎ ተሟገተ። እኛ ስለ ማኅበሩ መልካም ምስክር ቍጠሩ ብንባል ይህን ከፊተኞቹ እናደርገዋለን።

ይህን ሁሉ ተናግረን ስንጨርስ ሁለተኛው ቡና ቀርቦ ነበር። ወዳጃችን ወደ ልጁ ዞረው «እስቲ ንገረኝ፤ ሄደህ መጀመሪያ ምን ታነባለህ?» አሉት። ልጁም እያፈረ «ዘርዐ ያዕቆብን» አለ።

«በምን ቋንቋ?»

«በእንግሊዝኛ ነው ያገኘሁት።»

ወዳጃችን ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ የግዕዝን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ለማንበብ የሚሄድ ልጅ አልሰድድም፤ ይህን ክረምት ከቅኔ መምህር እግር ሥር ተቀምጠህ ግሡን ቍጠር፤ ከዚያ በኋላ ወዳሰኘህ ኮሌጅ ሂድ አሉት። ልጁም እሺ ብሎ ጕልበታቸውን ሳመ። ንፋስ ስልክ፣ ያለ ሽቦ ቃል የሚላክበት መሣሪያ ስም የወጣለት ሰፈር፣ ብዙ ወሬ ከሩቅ ሰምቶ ይሆናል፤ ከአባትና ከልጅ መካከል እንዲህ ያለ ውል ሲታሰር ማየት ግን በእጅጉ ደስ አሰኘን።

የቤቱ እመቤት እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር። ስኒውን እየሰበሰቡ ቀና ብለው፣ «ሁሉንም ሰማሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ በሁዳዴ ከዚያ ቤት ምን ያበሉታል?» አሉን።

ያን የልጅነታችንን ወተት አስታውሰን መልስ ጠፋን። ልጁን፣ ይህን ሄደህ ጠይቅና መልሱን ለእናትህ በጽሑፍ አምጣ አልነው።